የትራክተሩ ቱቦ የጠፋ ሰሞን

ትራክተሩ ቤታችን የመጣው አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ እንደ ሰንጋ በአራት በኩል በገመድ ተወጥሮ ነው። ቀይ ነበር። ትንሽም ነበር፤ በቆቦ አስፋልት ከሚያልፉት ትላልቆቹ ጎን ቢያቆሙት ጥጃቸው ይመስላል። እኔ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩና ከዚያ የሚበልጥ ነገር ተሠርቶ ያውቃል ብዬ አላሰብኩም። ሾፌሩ ገመዱን እየፈታ «ወደ ኋላ በሉ» ይላል፣ ሰዉ ወደ ፊት ይገፋል፣ አባቴ ታምሬ በሁለት እጁ የምስክር ወረቀቱን ይዞ «ባርኔጣዬን ያየ አለ?» እያለ ይዞራል። ባርኔጣው ራሱ ላይ ነበር።

አባቴ እንዲህ ነው፤ ዝንጉ። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቤቱን ያተራምሳል፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ሰው ይጠረጥራል። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ልስቅበት ብዬ አይደለም። በኋላ ለሠራሁት ጥፋት አንዱ ሰበብ ይህ ነው፤ ሰበቤን ካላስቀደምኩ ደግሞ ታሪኩን መጨረስ ያቅተኛል።

ትራክተሩ ሽልማት ነው። አባቴ በሽንኩርት ሞዴል ገበሬ ተብሎ ከዞን ተሸለመ። የሽንኩርቱን ማሳ ያረሱት ግን ሁለት በሬዎች ናቸው። ቡሬ የኛ ነው፤ ዳልቻ ደግሞ አጥር የምንጋራው የጎረቤታችን የጋሽ መንሱር። ሁለቱም ቤቶች ያላቸው አንዳንድ በሬ ስለሆነ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ መቀናጆ ነበሩ። አንድ ቀን በሬዎቹ አብረው ተጠምደው የኛን ያርሳሉ፣ በማግስቱ የነሱን። አባቴ እርፉን ሲይዝ ጋሽ መንሱር ይዘራል፣ ጋሽ መንሱር ሲይዝ አባቴ ይዘራል። ተራ ስለሆነ አንዱ ሌላውን «እባክህ» ብሎት አያውቅም።

የምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን አንድ ስም ነው። ስሙ ሲጠራ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው ጋሽ መንሱር ነበር። ልጁን ሂባንና እኔን ከፊቱ አቁሞ፣ ከራሳችን በላይ ያጨበጭብ ስለነበር ጆሮዬን አሞኝ ነበር። ሂባ እኩያዬ ናት፤ ያኔ ከሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም፣ አልፈልግምም ነበር።

ትራክተሩ ሥራ አይመርጥም። ጠዋት ተሳቢው ላይ ሁለት በርሜል ጭኖ ከጉድጓዱ ውሃ ያመጣል። ረፋድ ላይ ዲስኩን አንጠልጥሎ የአንዱን ማሳ ይገለብጣል፤ ከሰዓት የማሽላ አገዳ ተከምሮበት ቤት እያከለ ይመለሳል። ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድንጋይ፣ ለመስጊዱ ግንብ አሸዋ አመላልሷል። ጎሊና ወንዝ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ አይሱዙ ጎትቶ ያወጣ ዕለት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት ቀርተን አይተነዋል። ምጥ የያዛት ሴት ፍራሽ ተነጥፎላት አስፋልት ድረስ ሄዳበታለች፤ በሳምንቱ ደግሞ ያው ተሳቢ ላይ ሙሽራ ተጫነ። በሬ ሲነዳ እንደ በሬው ዝግ ብሎ የሚራመደው አባቴ ተቀምጦ መብላት ተወ። አንድ እግሩን ፔዳል ላይ አድርጎ ይጎርሳል፤ እናቴ አየለች እንጀራውን ይዛ ከጎማው ጎን ጎን ትሮጣለች። ቤታችን ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ጀመር። እኔ ያን ሽታ ወደድኩት፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም፤ ዛሬ የምኖረው ቆቦ መናኸሪያው አጠገብ የውሃ ፓምፕና ትራክተር እየጠገንኩ ነው።

ትራክተሩ አንድ ማሳ ብቻ አልነካም፤ የጋሽ መንሱርን። በበልጉ አባቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲለምነው ሰምቻለሁ።

«ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም እኮ መንሱር።»

«አይፈጅብህም፤ አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ በማግስቱ ዳልቻ ምን ያርስልሃል?»

ጋሽ መንሱር ባለቤቱን ኡሙሰልማን ይዞ ማሳውን በዶማ ሲቆፍር ሰነበተ። ሌላ የሚያቀናጀው ሰው ፈልጎ ነበር፤ ሁሉም ጥንዱን ይዞ ነበርና አላገኘም። ዳልቻ ግቢው ውስጥ ታስሮ ያመነዥካል፤ የኛም ቡሬ እንዲሁ። እናቴ «ይህን በሬ ሸጠን ብንገላገልስ?» ባለች ቁጥር አባቴ ወሬ ይቀይራል።

እኔ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ማለቴ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ጋሽ መንሱር ትራክተር ይፈራል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሞተሩ ሲነሳ ፊቱን አዙሮ ወደ ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሂባ ነገርኳት።

«አባቴ ምንም አይፈራም፣ ፍሬዓለም» አለችኝና በሁለት እጇ ገፋችኝ።

እኔም እልህ ያዘኝና ውሃ ጉድጓዱ ላይ ለሚሰበሰቡት ልጆች ሁሉ ነገርኩ። ልጆቹ ዜማ አወጡለት፤ ጀሪካን እየደበደቡ «መንሱር ፈሪው» ይሉ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሂባ አጥሩን ተሻግራ መምጣት ተወች። ውሃ ስትቀዳ አጠገቤ ብትቆምም አታየኝም። አሁን ሳስበው ጋሽ መንሱር የፈራው በማግስቱ መመለስ የማይችለውን ነገር መቀበል ነበር፤ እሱ ላይ ደግሞ እኔ ዘፈን ጨመርኩበት።

ክረምት ገባ። እኛ አገር ዝናብ የሚጠበቀው ከራስ በላይ ካለው ሰማይ ብቻ አይደለም። ሜዳው ላይ ፀሐይ እያቃጠለን በምዕራብ በኩል ተራራው ላይ ይዘንባል፤ ከሰዓት በኋላ የወንዙ ድምፅ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሰዉ አካፋና ዶማ ይዞ ይሮጣል። ጎርፉን በአፈር ክትር እያገደ፣ በቦይ እየጠለፈ ወደየማሳው ያስገባዋል። በዚያ ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ጎርፉ የኛንም የጋሽ መንሱርንም ማሳ አጠጣ፤ ማሳዎቹ ጎን ለጎን ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ጭቃው እግር እስኪችል ሁለት ቀን ይጠበቃል። ሳምንቱ ሳይሞላ ካልታረሰና ጤፉ ካልተዘራ እርጥበቱ ይሸሻል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ሌላ ጎርፍ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ የለም። የጋሽ መንሱር የበልግ እህል በዶማ ከተቆፈረችው ቁራሽ መሬት የወጣችው ብቻ ነበረች።

«ይህችኛዋ ካመለጠቻቸው ኡሙሰልማ ልጆቿን ምን ታበላለች?» አለች እናቴ፣ ለአባቴ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ።

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ሲመለከት ቆየ።

ሰኞ ጠዋት ትራክተሩ ሞተ። አባቴ ቁልፉን ሲያዞረው እህህ፣ እህህ ይልና ዝም ይላል። አምስት ጊዜ ሞከረ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ባትሪው ነው ይላል፣ አንዱ ናፍጣው ውሃ ገብቶበታል ይላል። እናቴ «ዓይን ነው የበላው» ብላ ጸበል አምጥታ ከመብራቱ እስከ ኋላ ጎማው ረጨችው። እኔ አለቀስኩ። አባቴ በባጃጅ ቆቦ ሄዶ ከሰዓት ተመለሰ፤ የያዘው ግን ሙዝ ብቻ ነበር።

«ዕቃው የለም፤ ከደሴ ነው የሚመጣው አሉኝ። ሳምንት ይፈጃል» አለ፣ ለእናቴ ሳይሆን አጥሩ ላይ ለቆመው ሰው ሁሉ፣ ጮክ ብሎ።

ሙዙን ልጣጭ ሳይቀር ልልሰው ምንም አልቀረኝም። አንዲት ነገር ብቻ አይቼ ነበር፤ እሑድ ከሰዓት አባቴ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ማሽላው ያለበት ጎተራ ጋ ሄዶ፣ ባዶ እጁን እያራገፈ ሲመለስ። ብዙም አላሰብኩበትም።

በዚያው ሰኞ አመሻሽ ላይ አባቴ ጋሽ መንሱር ቤት ሄደ። ተከተልኩት። ጋሽ መንሱር ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ገመድ ይገምዳል።

«መንሱር፣ ትራክተሩ ሞተብኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ዳልቻን ካላቀናጀኸኝ ዘንድሮ ጤፍ አላይም።»

ጋሽ መንሱር ገመዱን አንድ ክንድ ያህል ገመደ። «ቡሬ ቀንበር ረስቶ እንደሁስ? ይህን ሁሉ ጊዜ ቁጭ አድርገህ ቀልበኸዋል።»

«ቢረሳም ዳልቻ ያስታውሰዋል።»

ከውስጥ ኡሙሰልማ ሳቀች። ጋሽ መንሱርም ፈገግ ሲል አየሁት፤ ከትራክተሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ስለ ተራ ተከራከሩ። መጨረሻ የታረሰው የኛ ሽንኩርት ስለነበረ፣ አባቴ «ነገ ያንተ ነው» ይላል። ጋሽ መንሱር «ችግር የገባው አንተ ነህ፤ ያንተ ይቅደም» ይላል። አባቴ ራሱን ነቀነቀና ተሸነፈ። ትልቅ ሰው ተሸንፎ እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ የኛን አረሱ። ቡሬ መጀመሪያ ላይ ተንቀዋለለ፤ ዳልቻ በትከሻው ገፍቶ መስመር አስያዘው። ሁለቱ ሰዎች ምንም የሚያወሩት ነገር ስለሌላቸው ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ፤ ስለ ዋጃ ገበያ፣ ስለ አንድ ሰው ፍየል፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም። ሂባ ከአባቷ ጋር መጥታ ነበር። ዳር ላይ ቁጭ ብለን ጓል እየሰበርን ሳለ ሳታየኝ «ያንን ዘፈን ያወጣሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ዜማውን አይደለም» አልኳት። ትንሽ አሰበችና አንድ ትልቅ ጓል ወደኔ ገፋችልኝ። ከዚያ በላይ እርቅ አልነበረም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ማሽላ እንድሰፍርላት ጎተራው ጋ ላከችኝ። ቁናውን ስሰድ አንድ ነገር ነካኝ። ጨርቅ ነው። ፈታሁት። ናፍጣውን ከፓምፑ ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ቀጭኑ የብረት ቱቦ ነበር፤ አባቴ ሞተሩን ሲያጸዳ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ዕቃው ከደሴ የሚመጣ አይደለም፣ እዚሁ ማሽላ ውስጥ ተኝቷል። አባቴ እንደ ባርኔጣው ረስቶታል። ሊያጸዳው አውጥቶ፣ እንዳይጠፋ ጎተራ ከትቶ፣ የከተተበትን ረሳው። እኔ ነኝ ያገኘሁለት።

ማታውኑ ብነግረው ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ግን ሲመለስ ደክሞት እንደተኛ ቀረ፤ እኔም ደግሞ ሰው ባለበት መመስገን ፈለግሁ። ጋሽ መንሱርም ሂባም ይስሙ አልኩ። ትራክተሩ ከተነሳ የነሱ ማሳ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ ሂባም በተሳቢው ላይ ከኔ ጋር ትቀመጣለች። በስምንት ዓመት ጭንቅላቴ ያላሰብኩት ደግ ነገር አልነበረም።

እሮብ የጋሽ መንሱር ተራ ነበር። ኡሙሰልማ ምሳውን ለሂባና ለኔ አሸከመችን፤ የጾም ቀን ስለሆነ ለአባቴ ሽሮ ለብቻው ለይታለች። ማሳው ገና ግማሹ ነው የታረሰው። ጋሽ መንሱር እርፉን ይዟል፣ አባቴ ጤፍ ቋጥሮ ከኋላ ይዘራል። ሳህኑን መሬት አስቀምጬ ቱቦውን ከቀሚሴ ስር አወጣሁ።

«አባዬ፣ የትራክተሩን ቱቦ አገኘሁልህ።»

አባቴ እጁ ውስጥ የነበረው ጤፍ አንድ ቦታ ላይ ፈሰሰ። ጋሽ መንሱር በሬዎቹን አቆመ።

«የት አገኘሽው ልጄ?» አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ጎተራ ውስጥ፣ ማሽላው ውስጥ።»

«ማን አስቀመጠው?»

«አባዬ ነዋ። እሑድ ሲያስገባ አይቸዋለሁ። ረስቶት ነው።»

ጋሽ መንሱር አባቴን አላየውም። ወደ ዳልቻ ሄደ፤ ማነቆውን ፈታ፤ ቀንበሩን ከአንገቱ ላይ አነሳ። ቡሬ ግማሽ ቀንበር ተሸክሞ ግራ ገብቶት ቆመ።

«ታምሬ» አለ፣ ገመዱን እየጠቀለለ። «ምጽዋትህን ለሚፈልግ ስጥ። እኔ መንገድ ዳር አልተቀመጥኩም።»

ዳልቻን እየሳበ ሄደ። ሂባ ሳህኑን አንስታ ተከተለችው፤ የአባቴን ሽሮ ግን ትታ ሄደች። አባቴ ትልሙ ላይ ተቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመታኝም። ቱቦውን ተቀበለኝና ጨርቁን መልሶ ጠቀለለው።

ቤት ስንመለስ ቱቦውን ገጥሞ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ድምፁ ሰፈሩን ሁሉ ሞላው፤ አባቴ መልሶ አጠፋው። ሐሙስ አልተንቀሳቀሰም። የኛም ማሳ ዳሩ ሳይታረስ ቀርቷል። ሰዎች መጥተው «ትራክተሩስ?» ሲሉት «አልተሠራም» ይላቸዋል፤ ሲነሳ የሰሙ ሰዎች ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። እኔ ሁሉም እንዴት ደንቆሮ ሆኑ እያልኩ እገረም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ ስትነግረኝ ነው የገባኝ። ከሰኞ ጀምሮ መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ጸበል የረጨችው እናቴ ራሷ ታውቅ ነበር። ጋሽ መንሱርም ገመዱን እየገመደ አውቆታል። ትራክተሩ የሞተበት ሰው ሙዝ ገዝቶ አይመለስማ። ሁሉም አውቆ ዝም ስላለ ነበር ሁለቱ በሬዎች አብረው መጠመድ የቻሉት፤ ዝምታውን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ የማውቀው ግን ሁሉም በኔ እንደተበላሸ ብቻ ነው። ሐሙስም ዓርብም ማሳው ላይ ሄጄ መሬቱን በተረከዜ እጫናለሁ። ሐሙስ ውሃ ያቀራል። ዓርብ ደርቆ ተረከዜን አያሰምጥም፤ ዳር ዳሩ ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አለ። ጋሽ መንሱርና ኡሙሰልማ ወዲያ ማዶ በዶማ ይቆፍራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ቆፍረው አንድ ቤት የሚያክል ቦታ አላገባደዱም። ዓርብ ከሰዓት እናቴና አባቴ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

«ልጅቷ ምን ታርግ? ሳትነግራት።»

«ስምንት ዓመቷ ነው አየለች። ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

«ያንተስ ስንት ነው? ሂድና እግሩ ላይ ውደቅ።»

«ብወድቅ ይብሳል። አዝኜለት እንደነበር በአፌ አረጋገጥኩለት ማለት ነው። ያን ጊዜ ከዚህ መንደር ይሄድብኛል።»

ከሁሉም ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ይሄዳል። ሂባ ትሄዳለች። ጋሽ መንሱር በሬውን የፈታው «አባዬ ነዋ» ስለው ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ የማደርገውን ወሰንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን አጥሩን ተሻገርኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን እሑድ ነው፣ መሬቱም እስከ ሰኞ አይቆይም። ጋሽ መንሱር ደጅ ላይ ዶማውን በድንጋይ ይስላል።

«ጋሽ መንሱር፣ ቱቦውን የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

መሳሉን አላቆመም። «አባዬ ነው አላልሽም?»

«ፈርቼ ዋሸሁ። አባዬ አያውቅም።»

«ለምን ደበቅሽው?»

ይህን አላዘጋጀሁም ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ «ትራክተሩ ከመጣ ወዲህ ሂባ እኛ ቤት አትመጣም።»

ድንጋዩ ቆመ። ጋሽ መንሱር ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተኝ።

«በምን ፈታሽው?»

በቁልፍ ብል የትኛው ቁልፍ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። የቁልፎቹን ቁጥር አላውቅም።

«በጥርሴ።»

ከውስጥ አንድ ዕቃ ወደቀ፤ ኡሙሰልማ ስትስል ተሰማኝ። ጋሽ መንሱር ዶማውን አስቀምጦ ተጠጋኝ። «አፍሽን ክፈቺ እስቲ።» ከፈትኩ። የፊት ሁለቱ ጥርሶቼ ወልቀው ገና ብቅ ማለታቸው ነበር። በሬ እንደሚገዛ ሰው አገጬን ይዞ ከላይም ከታችም በደንብ አየ።

«ማሻአላህ» አለ በመጨረሻ። «ይፈታል።»

ቱቦውን የያዘውን ዳዶ የሚፈታው አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ነው። ለዚያውም ክንድ ይጠይቃል፤ ዛሬም አንዳንዱን ስፈታ እጄ ይላጣል። ጋሽ መንሱር ያለፈው ዓመት ፓምፕ ሊያሠራ ሱቄ መጥቶ፣ ልጆች በተሰበሰቡበት «ይህችን ቁልፍ አታበድሯት፤ ጥርስ አላት» ብሎኛል። ያን ጠዋት ግን አንድ ትልቅ ሰው ያታለልኩ መስሎኝ እፈራም እኮራም ነበር።

እጄን ያዘኝ። «እኔ የሰማሁትን አባትሽም ይስማው» አለና አጥሩን ይዞኝ ተሻገረ።

አባቴ ትራክተሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጋሽ መንሱርን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ታምሬ፣ ሌባዋን ይዣት መጣሁ። በይ ንገሪው።»

ደገምኩት፤ ቱቦውን፣ ሂባን፣ ጥርሴን። አባቴ ውሸት የሚጠላ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ስለ አንዲት እንቁላል ዋሽቼ፣ የወሰድኩባት ሴት ጎብዬ ከተማ ለቅሶ ሄዳ ስለነበር እዚያ ድረስ ወስዶ እውነቱን አስነግሮኛል። አሁንም አፉን ሲከፍት አየሁ። «አይደለም» ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እናቴ ከደጃፉ ላይ «ታምሬ» አለች፤ ስሙን ብቻ። ዓይኔን ስገልጥ አባቴ አፉን ዘግቷል። ፊቱ እንደ ታመመ ሰው ሆኖ ነበር። እንዲያ ያደረገው እኔ በሱ ጥፋት ፊቱ ቆሜ ስወቀስ ማየቱ እንደነበረ የገባኝ እኔም ልጅ ወልጄ ነው።

«ጥፋቱ ከቤቴ ነው የወጣው» አለ ቀስ ብሎ። «ልጄ፣ ጉልበቱን ስመሽ ይቅርታ ጠይቂው፤ አውፍ በለኝ በይው።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ላስቀድምና ልጨርስ። ከሁለቱም ማሳ የቀረችው በዚያው ቀን በሁለቱ በሬዎች ታረሰች፤ ዳሯ ላይ ብቻ ደርቃ ጤፉ ሳስቷል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዳልቻና ቡሬ እስኪያረጁ ድረስ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ትራክተሩ ለአራት ለአምስት ቀን ይበላሻል። ሥራ ያለው ሰው አስቀድሞ መጥቶ «ዘንድሮ መቼ ነው የሚበላሸው?» ብሎ አባቴን ይጠይቃል። ቱቦው የት ሄደ ሲባል ፍሬዓለም ደብቃው ነው ይባላል፤ ሂባም አብራኝ በሌብነት ትከሰሳለች። ትራክተሩ በጦርነቱ ዓመት ጎማዎቹን አጥቶ ዛሬ ዶሮ ያድርበታል።

ያን ጠዋት ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር፤ መሬቱ እየደረቀ፣ አባቴ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ እናቴ የበሩን መቃን በአንድ እጇ ጨብጣ። ሄድኩና የጋሽ መንሱርን ጉልበት ሳምኩ። አፈርና የበሬ ሽታ ነበረው።

«አውፍ በለኝ ጋሽ መንሱር።»

እጁን ራሴ ላይ ጫነው። ከባድ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ግን እኔን አያየኝም፤ አባቴን ነበር የሚያየው። ረሳኝ ብዬ ደነገጥኩ።

«ከልቤ አውፍ ብያለሁ» አለ። «ያለፈው አለፈ። አላህም አውፍ ይበል።»

እኔ አሜን ልል አፌን ስከፍት አባቴ ቀድሞኝ «አሜን» አለ።